ዴንማርክኛ ቅላጼው የተለወጠ እንግሊዝኛ አይደለም፦ ስለ ግሶች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዴንማርክና በአጎራባች አገሮች በሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለ ሲያነበው ሰንብቷል። የሚናገረው ስለ እንግሊዝኛና ስለ ዴንማርክኛ ግሶች ዝምድና ሲሆን፣ የጸሐፊው ዓላማ ቋንቋውን ገና የሚጀምሩ ወገኖችን ማበረታታት እንደሆነ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። በዓላማው ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ቅር ያሰኘኝ ምክሩ ነው፤ ምክሩን እንዳለ የተቀበለ ሰው ከማዘጋጃ ቤት የተላከለትን ደብዳቤ ተገላቢጦሽ ሊያነበው ይችላልና።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ እንግሊዝኛ በቫይኪንጎች ዘመን መሠረታዊ ግሶቹን ከዴንማርኮች ስለወሰደ የሁለቱ ቋንቋዎች ግሶች በትርጉም አንድ ናቸው ይላል። ሁለተኛ፣ የዴንማርክኛ ግስ በባለቤቱ ስለማይለዋወጥ ከእንግሊዝኛው ይቀላል ይላል። ሦስተኛ፣ «ካን»፣ «ስካል»፣ «ቪል» እና «ሞ» የተባሉት ረዳት ግሶች የእንግሊዝኛዎቹ «ካን»፣ «ሻል»፣ «ዊል» እና «ሜይ» ናቸው ይላል። አራተኛ፣ ዴንማርክኛ በመከናወን ላይ ያለን ድርጊት የሚገልጽበት መንገድ ስለሌለውና የተጠናቀቀውንም ድርጊት እንደ እንግሊዝኛ በ«ሃቭ» ስለሚገልጽ፣ የጊዜ አገባቡን በአንድ ምሽት መጨረስ ይቻላል ይላል። አምስተኛ፣ አማርኛ ለዚህ ትምህርት የሚያዋጣው ነገር ስለሌለ ወደ ጎን ትተነው በእንግሊዝኛ በኩል እንግባ ይላል። በመጨረሻም እንግሊዝኛን የሚመስሉ ግሶችን ዘርዝሮ እነሱን እንድናጠና ይመክራል። የዴንማርክኛውን ቃላት እዚህ በፊደላችን የምጽፋቸው ለጆሮ በተቻለ መጠን እንዲቀርቡ አድርጌ ነው፤ ለስላሳው «ድ» በእኛ ቋንቋ ስለሌለ በ«ዘ» ተክቼዋለሁ።

ከታሪኩ ልነሣ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርኮች በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ መስፈራቸው፣ ኋላም ንጉሥ ክኑት እ.ኤ.አ. ከ1016 እስከ 1035 እንግሊዝን መግዛቱ አያከራክርም። «ቴክ»፣ «ኮል»፣ «ዳይ»፣ «ካስት»፣ «ሬይዝ» የተባሉት የእንግሊዝኛ ግሶች ከእነዚያ ሰፋሪዎች አፍ የመጡ መሆናቸውንም ሊቃውንቱ ይስማሙበታል። የእንግሊዝኛን ሰዋስው በሰፊው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ዴንማርካዊው ኦቶ የስፐርሰን (1860–1943) ራሱ በእነዚህ ውሰት ቃላት ላይ አትኩሮ ጽፏል፤ የገረመውም ቃላቱ የቤተ መንግሥት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሳይሆኑ የዕለት ተዕለት ኑሮ ቃላት መሆናቸው ነበር። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው መደምደሚያ ግን ከማስረጃው አይወጣም። የእንግሊዝኛ ግሶች ዋና አካል፣ ማለትም «መብላት»፣ «መጠጣት»፣ «መምጣት»፣ «ማየት»፣ «መስማት» ለማለት የሚያገለግሉት ቃላት፣ ከዴንማርክኛ የተወሰዱ አይደሉም፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ከአንድ የጀርማናዊ ቅድመ አያት በየፊናቸው የወረሷቸው ናቸው። እንግሊዝኛ የምዕራቡ፣ ዴንማርክኛ የሰሜኑ ቅርንጫፍ ነው። በእውነት የተወሰዱትም ቢሆኑ ከሺህ ዓመት በላይ በየመንገዳቸው ሄደዋል። «ዎንት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ እንመልከት፤ ምንጩ የቫይኪንጎቹ ቋንቋ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ «መጉደል፣ ማጣት» ነበር። ዛሬ እንግሊዛዊው «እፈልጋለሁ» ሲልበት፣ የዛሬው ዴንማርካዊ ለ«መፈለግ» «ቪል»ን፣ ለ«መጉደል» ደግሞ «ማንግለ»ን ይጠቀማል፤ ያበደሩት ሰዎች ልጆች ብድሩን ረስተውታል ማለት ነው። «ኮል»ም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ስልክ ይደውልበታል፤ ዴንማርካዊው ግን በዘመዱ በ«ካለ» ስም ይጠራበታል እንጂ አይደውልበትም፣ ለመደወል «ሪንገ» የሚባል ሌላ ግስ አለው።

ከሁሉም የሚያሳስተው ግን «ጎ» ነው። ድምፁ ከእንግሊዝኛው «ጎ» እምብዛም አይለይምና ተማሪው ያለ ጥርጥር ይይዘዋል። የዴንማርክኛው «ጎ» ለሰው ሲነገር በመጀመሪያ ደረጃ በእግር መሄድ ነው። ወደ ለንደን «ጎ» አደርጋለሁ ያለ ሰው ባሕሩን በእግሩ እንደሚያቋርጥ ተናገረ፤ በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው «ታ» ወይም «ራይሰ» የሚሉት ግሶች አሉለት። የሚገርመው ደግሞ ይህ «ታ» የእንግሊዝኛው «ቴክ» ዘመድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው በሰጡን መንገድ የሄደ ተማሪ መሄድን በ«ጎ» ሲፈልግ ትክክለኛው ቃል «መውሰድ» ብሎ ባጠናው ግስ ውስጥ ተቀምጧል።

ሁለተኛውን ነጥብ ባጭሩ ልለፈው፤ በመሠረቱ እውነት ነውና። እንግሊዝኛ «ሂ ቴክስ» ሲል «ስ» ይጨምራል፣ ዴንማርክኛ ግን ለእኔም፣ ለአንተም፣ ለእነሱም አንድ ቅርጽ ብቻ ይበቃዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ዴንማርክኛ የሚያነብ ሰው ለብዙ ቁጥር የተለየ የግስ ቅርጽ ያገኛል፤ ያም ዛሬ ቀርቷል። ነገር ግን «በባለቤት አይለዋወጥም» ማለት «ይቀላል» ማለት አይደለም። ችግሩ ቦታውን ለውጦ ነው። የዴንማርክኛ ግስ በዋና ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ስፍራ ይይዛል፤ «ዛሬ» ብለህ ከጀመርክ ግሱ ይከተላል፣ «እኔ» ደግሞ ከግሱ በኋላ ይመጣል። እንግሊዝኛ ይህን ሥርዓት ከሞላ ጎደል ትቶታል። በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ደግሞ የአሉታው ቃል «ኢከ» ከግሱ ኋላ የነበረው ወደ ፊቱ ይዘላል። እዚህ ላይ እንግሊዝኛም አያድንም፣ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው አማርኛችንም አያድንም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነው።

«ስካል» የ«ሻል» ዘመድ መሆኑ ትክክል ነው። የዛሬው እንግሊዛዊ ግን «ሻል»ን ከሕግ ጽሑፍና ከአንዳንድ ጥያቄ በቀር እምብዛም አያነሣውም፤ ዴንማርካዊው «ስካል» ሳይል ውሎ አያድርም። ግዴታ ነው፤ «ሰኞ ቀጠሮ አለህ፣ መቅረብ አለብህ» የሚለው ደብዳቤ በ«ስካል» ይጻፋል። ዕቅድ ነው፤ «ወደ ኮፐንሃገን ልሄድ ነው» ለማለት «ስካል» ብቻውን ይበቃል፣ «መሄድ» የሚለው ግስ ጨርሶ አይነሣም። ማጽናኛ ነው፤ «ዴ ስካል ኖክ ጎ» ማለት «ግድ የለም፣ ይሳካል» ነው። ወሬ ነው፤ «ሃን ስካል ቬረ ሪ» የተባለለት ሰው ሀብታም መሆን አለበት አልተባለም፣ «ሀብታም ነው አሉ» ተባለ እንጂ። መስተንግዶም ነው። የቤቱ ባለቤት የቡና ማፍያውን ይዛ ብቅ ብላ «ስካል ዱ ሃ ካፈ?» ስትል፣ በእንግሊዝኛ በኩል የገባው እንግዳ «ግዴታ ቡና መጠጣት አለብህ?» ተብሎ የተጠየቀ ይመስለዋል፤ እሷ ያለችው «ቡና ላምጣልህ?» ነው።

በአሉታ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ዱ ሞ ኢከ» ማለት «አይፈቀድልህም» ማለት ሲሆን፣ «ዱ ስካል ኢከ ቤታለ» ብዙ ጊዜ «መክፈል አይጠበቅብህም» ማለት ነው። «ስካል»ን «መስት» ብሎ የያዘ የእንግሊዝኛ አዋቂ ግን በእንግሊዝኛ አሉታው ክልከላ ስለሆነ «እንዳትከፍል» ብሎ ሊያነበው ይችላል። «ሞ» ራሱም ሁለት ፊት አለው። «ዱ ሞ ጌርነ» ሲባል ፈቃድ ነው፤ «ዴ ሞ ቬረ» ሲባል ግን ግምት ነው፣ «መሆን አለበት» እንደምንለው፤ ኀላፊ ጊዜው «ሞተ» ደግሞ በብዛት «ግድ ሆነበት» የሚል ትርጉም አለው። ከእንግሊዝኛው «ሜይ» ጋር በዘር አንድ መሆኑ እዚህ ምንም አይጠቅምም። «ቪል»ም በተራ ንግግር ፍላጎት ነው፤ የወደፊቱን ጊዜ ለመግለጽ ዴንማርካዊው አብዛኛውን ጊዜ የአሁኑን ጊዜ ግስ ከ«ነገ» ጋር ያጣምራል።

ጸሐፊው «ካን»ን በተመለከተ የጻፉት ከሌሎቹ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ግማሽ ነው። ዴንማርካዊ «ያይ ካን ዳንስክ» ይላል፤ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ቢመለስ ግስ የጎደለው የተሰበረ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ምንም አይጎረብጠውም፤ «ዴንማርክኛ እችላለሁ» ብሎ ያድራልና።

አራተኛው ነጥብ ሁለት ነገር አጣምሯል። መጀመሪያ የተጠናቀቀውን ድርጊት እንይ። ዴንማርክኛ እንደ እንግሊዝኛ በ«ሃቭ» ዘመድ ብቻ አይሠራም፤ ቦታን ወይም ሁኔታን መለወጥ ለሚያመለክቱ ግሶች «ኤር»ን፣ ማለትም የ«መሆን»ን ግስ ይጠራል። «ሃን ኤር ጎኤት» ማለት «ሄዷል፣ እዚህ የለም» ሲሆን «ሃን ሃር ጎኤት» ማለት ግን «በእግሩ ተጉዟል» ነው፣ ለምሳሌ ሁለት ሰዓት። አንዱ ስለ ውጤቱ፣ ሌላው ስለ ድርጊቱ ይናገራል። መምጣት፣ መጀመር፣ ወደ ሌላ ሁኔታ መለወጥም በ«ኤር» ይሄዳሉ። የድሮው እንግሊዝኛም ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር፤ ትርፍራፊው ዛሬም በአንዳንድ አነጋገር ይታያል፣ ሕያው ሥርዓትነቱ ግን ጠፍቷል። በሕይወት ያለ ሰው ልደቱን ሲናገርም ዴንማርካዊው በአሁኑ ጊዜ «ኤር» ይላል፣ እንግሊዛዊው ደግሞ በኀላፊ «ዎዝ»።

በመከናወን ላይ ያለ ድርጊት መግለጫ የለውም የሚለው ደግሞ፣ እንግሊዝኛን መለኪያ አድርጎ ከማየት የመጣ ስሕተት ነው። የእንግሊዝኛው «ኢንግ» በዚህ አገልግሎቱ የለም፣ ልክ ነው። ሆኖም «ኤር ቬ አት» የሚል ሐረግ አለ። ከዚያም ይበልጥ የተለመደ ሌላ መንገድ አለ፦ «ሲዘር ኦ ሌሰር»፣ «ስቶር ኦ ቬንተር»፣ «ሊገር ኦ ሶወር»። ዴንማርካዊው ሰውዬው እያነበበ መሆኑን ሲናገር በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ እንደሆነም አብሮ ይናገራል። ለእንግሊዛዊ ይህ «ይቀመጣልና ያነባል» ሆኖ ሁለት ድርጊት ይመስለዋል። በእኛ ቋንቋ ግን «ተቀምጦ ያነባል»፣ «ቆሞ ይጠብቃል» ነው።

ይህም ወደ አምስተኛው ነጥብ ይወስደኛል፤ ከሁሉ ይልቅ የማልስማማበት እሱ ነው። አማርኛ ከእነዚህ ቋንቋዎች ጋር ዘር አይጋራም፣ ይህ ግልጽ ነው። ዘር አለመጋራት ግን ተመሳሳይ አሠራር አለመኖር አይደለም፤ በተለይ በግስ ላይ አማርኛና ዴንማርክኛ እንግሊዝኛ በማይገኝባቸው ቦታዎች ደጋግመው ይገናኛሉ።

ተደራጊ ግሱን እንመልከት። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁልጊዜ ረዳት ግስ ያስፈልገዋል። ዴንማርክኛ «ብሊር» የሚል ረዳት ግስ የሚያስገባበት አንድ መንገድ አለው፤ ሌላው መንገድ ግን በግሱ ጫፍ ላይ «ስ» መጨመር ብቻ ነው። «ኦብነ» መክፈት፣ «ኦብነስ» መከፈት። ይህች «ስ» ጥንት «ራስን» የሚል ተውላጠ ስም የነበረች ስትሆን ከግሱ ጋር ተዋሕዳ ቀርታለች። አማርኛም «ከፈተ»ን «ተከፈተ» ለማድረግ አንድ «ተ» ይበቃዋል። መመሳሰሉ በዚህ ቢያበቃ ብዙም አላነሣውም ነበር፤ ነገሩ ግን ይቀጥላል። የዴንማርክኛዋ «ስ» እርስ በርስ መደራረግንም ትገልጻለች፦ «ሴስ» መተያየት፣ «ሞዘስ» መገናኘት፣ «ስኬነስ» መጨቃጨቅ፣ «ስሎስ» መደባደብ። የእኛም «ተ» ያንኑ ትሠራለች፤ «ተያዩ፣ ተገናኙ፣ ተጨቃጨቁ፣ ተደባደቡ»። አንዲት ቅጥያ ሁለቱንም ሥራ ደርባ ስትሠራ አማርኛ ተናጋሪ ከልጅነቱ ለምዶታል፤ በእንግሊዝኛ በኩል የሚመጣው ግን ሁለት የማይገናኙ ደንቦችን ለየብቻ ማጥናት ይኖርበታል።

ሌላም አለ። በዴንማርክ የድሮ የወጥ ቤት መጽሐፍ የሚያነብ ሰው «ሎየነ ሃከስ» የሚል ትእዛዝ ያገኛል፤ እንግሊዝኛው እዚህ «ክተፍ» ብሎ ያዛል፣ የእኛው የምግብ አዘገጃጀት ግን «ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ቅመሙ ይጨመራል» ብሎ ነው የሚሄደው። ቃል በቃል አንድ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም ሰውን ሲጠራ «ዱ ቤዘስ» ብሎ ይጀምራል፤ «ቤዘ» መለመን ነውና ሐረጉ «ትለመናለህ» እንደማለት ሲሆን፣ እኛ በደብዳቤ «እንዲገኙ ይጠየቃሉ» የምንለው ዓይነት ነው። ትሕትናው ግን ቅጹ ላይ ብቻ ነው፤ መቅረት አይቻልም።

ዕቃ የት እንዳለ መናገርም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ «ኢዝ» ብሎ ያልፋል። ዴንማርክኛ ግን ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ይቆማል፣ መጽሐፉ ይተኛል፣ ኮቱ ይሰቀላል። ዕቃውን የሚያኖረው ሰው ደግሞ ሌላ ግስ አለው፦ «ስቶ» መቆም፣ «ስቲለ» ማቆም፤ «ሊገ» መተኛት፣ «ሌገ» ማስተኛት፤ «ሲዘ» መቀመጥ፣ «ሴተ» ማስቀመጥ። እንግሊዝኛ ከነዚህ የ«ላይ» እና የ«ሌይ» ዓይነት ጥንዶችን ቢጠብቅም ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ያምታቷቸዋል። «ቆመ–አቆመ፣ ተኛ–አስተኛ» እያለ ያደገ ሰው ግን ልዩነቱን የሚረዳበት መሠረት አለው። እርግጥ አማርኛም ለዕቃው «አለ» ብሎ ስለሚረካ፣ የትኛው ዕቃ እንደሚቆም የትኛው እንደሚተኛ ከዴንማርኮቹ መማር የግድ ነው።

ነገሩን ለማጋነን አልፈልግም። ጸሐፊው እንዳሉት እንግሊዝኛ ለቃላት ብዛት ያግዛል፤ «ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ» ያለ ሰው «ድሪከ፣ ድራክ፣ ድሩከት»ን በቀላሉ ይይዛል፣ ኀላፊ ጊዜያቸው በአናባቢ ለውጥ የሚሠራ ግሶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። አማርኛ የማይረዳበትም ስፍራ አለ። «አውቃለሁ» የምንለውን አንድ ቃል ዴንማርክኛ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ነገርን ማወቅ «ቪዘ»፣ ሰውን ወይም ቦታን ማወቅ «ኬነ» ነው። እንግሊዝኛም እንደ እኛው አንድ «ኖው» ብቻ ስላለው በዚህ ላይ ሁለታችንም እኩል ተቸጋሪዎች ነን።

የቀረው የግሶቹ ዝርዝር ነው። ጸሐፊው «ቴንከ»ን «ቲንክ» ብለው አስፍረዋል፤ ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፣ ማሰብ ማለት ነውና። ነገር ግን እንግሊዛዊው «ቲንክ» ከሚልባቸው ብዙ ቦታዎች ዴንማርካዊው «ቴንከ» አይልም። እርግጠኛ ሳይሆን የሚገምት ሰው «ትሮ» ይላል፤ አይቶ ወይም ቀምሶ የራሱን ስሜት የሚናገር «ሱነስ» ይላል፤ አቋሙን የሚያስረዳ «ሜነ» ይላል። ስለ አንድ ፊልም «ትሮ» ብሎ ጥሩ ነው ያለ ሰው ፊልሙን አላየውም፤ «ሱነስ» ያለው ግን አይቶታል። የእኛ «ይመስለኛል» ለመጀመሪያው ይቀርባል እንጂ ሁለተኛውን አይተካም፤ እዚህም አማርኛው ብቻውን አይበቃም።

ከዝርዝሩ ጨርሶ መውጣት ያለባቸውም አሉ። «ሎቨ» እንግሊዝኛውን «ላቭ» ቢመስልም ቃል መግባት ነው፤ መውደድ «ኤልስከ» ይባላል። «ፎርጊ» በአጻጻፉ የእንግሊዝኛው «ይቅር ማለት» ራሱ ነው፤ በዴንማርክኛ ግን መመረዝ ማለት ሲሆን ይቅር ማለት «ቲልጊ» ነው። እነዚህ እንኳ ሰሚው ፈገግ ብሎ ሊያርማቸው ይችላል። «ኦወርሴ»ን ግን ጸሐፊው «መቆጣጠር» ብለው ማስፈራቸው የሚያሳስብ ነው። በዴንማርክኛ «ኦወርሴ» ማለት ሳያዩ ማለፍ፣ ልብ አለማለት ነው። ከወገኖቻችን መካከል በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የሚያመለክቱ ስላሉ፣ አንዱ ይህን ዝርዝር አምኖ በማመልከቻው ላይ የሕሙማኑን መድኃኒት አወሳሰድ «ኦወርሴ» አደርግ ነበር ብሎ ቢጽፍ፣ ቀጣሪው የሚያነበው መድኃኒቱን ሳያይ ያልፍ እንደነበረ ነው። መጻፍ የነበረበት «ፎረ ቲልሱን ሜ» የሚለውን ሐረግ ነው፤ ይህ ደግሞ ከእንግሊዝኛው «ኦቨርሲ» ጋር በድምፅም በመልክም ስለማይገናኝ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም።